በባሕር ደጃፍ ላይ የቆመ ቤተ መዘክር

ሥነ ሥዕልን የሚያፈቅር ሰው በፈረንሳይ አገር ሲዘዋወር ልቡም እግሩም ወደ ፓሪስ ማድላቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ለዘመናዊው ሥዕል መነሻ ከሆነው የብርሃን ጥናት ታላቁ ክፍል የተፀነሰው በዋናው ከተማ አዳራሾች ሳይሆን፣ የሴን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ፣ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በ1517 ባስቆረቆረው ለሃቭር በተባለው የወደብ ከተማና በአካባቢው ስለ ሆነ፣ ይህን ከተማና በባሕሩ ደጃፍ የቆመውን የአንድሬ ማልሮ ቤተ መዘክር ከአንባቢ ጋር ማስተዋወቅ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደዚህ ስፍራ ከሚያደርሱት የጉዞ ዘዴዎች ሁሉ እኛ የምንመርጠው ሞተርሆም የተባለውን፣ አልጋውንና ምድጃውን፣ የውኃ ታንከሩንና መታጠቢያውን በአንድ ጣራ ሥር ይዞ የሚጓዘውን መኪና ነው። በዚህ ስፍራ ብርሃንን ያጠኑት የሠዓሊያን ነገር የሰዓት ነገር ነውና፣ የንጋቱ ጉም ሳይነሣ ወይም የማታው ፀዳል ከባሕሩ ፊት ሳይጠፋ በቦታው ያልተገኘ ሰው፣ በሸራው ላይ ያለው ኅብረ ቀለም ከየት እንደ ተቀዳ ለመረዳት ይቸገራል፤ በባሕር አጠገብ በሞተርሆሙ ያደረ መንገደኛ ግን በሩን ከፍቶ ያየዋል። ከኦንፍለር ከተማ በኩል የሚመጣው ተጓዥ በ1995 የተከፈተውን፣ በሁለቱ ታላላቅ ምሰሶዎቹ መካከል ብቻ 856 ሜትር የሚዘረጋውን የኖርማንዲ ድልድይ ይሻገራል፤ እንዲህ ያለውን ረጅም ቁመት ያለው መኪና የሚነዳ ሰው በዚያ ላይ የነፋሱን ኃይል አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ብዙ የመኪና ማቆሚያዎችም በመግቢያቸው ላይ ከፍታ የሚገድብ አግዳሚ ብረት ስላላቸው፣ ለሞተርሆም በተፈቀደ ስፍራ አቁሞ ወደ ቤተ መዘክሩ በእግር መሄድ ይሻላል።

አሮጌው የከተማው ቤተ መዘክር ዛሬ የለም። በሴፕቴምበር 1944 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማውን ከጀርመን ጦር ለማስለቀቅ ሲሉ በጣሉት ቦምብ ሁለት ሺህ ያህል ሰላማውያን ነዋሪዎች አለቁ፣ የከተማው እምብርትም የፍርስራሽ ክምር ሆነ፤ ቤተ መዘክሩም አብሮ ጠፋ። አዲሱን ሕንፃ የነደፉት ጊ ላኞና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ መርቆ የከፈተው በ1961 የባህል ሚኒስትር የነበረው ደራሲው አንድሬ ማልሮ ነው። ሊቃውንቱ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ማቆምን ትተው ሕንፃውን በብረትና በመስታወት ሠሩት፤ የጣራውንም መስታወት፣ የፀሐይን ጨረር ሰብረው በሚያለዝቡ የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ከለሉት፤ በዚህም ሥራ የብረታ ብረት ጠቢብ የነበረው ዣን ፕሩቬ ተካፈለ። እኛ ይህን ውሳኔ እጅግ እናደንቃለን፤ ምክንያቱም ባሕርንና ሰማይን የሚያሳይ ሥዕል ከእውነተኛው ባሕርና ሰማይ ጋር በአንድ ብርሃን ሥር እንዲታይ ማድረግ፣ ለሠዓሊው ሥራ ከሚሰጠው ክብር ሁሉ የላቀ ክብር ነው። በደጁም አንሪ ዦርዥ አዳም ያቆመው ታላቅ የኮንክሪት ቅርጽ መካከሉ ክፍት ስለ ሆነ፣ ወደ ወደቡ የሚገቡት መርከቦች በእርሱ ክፍተት ውስጥ ሲያልፉ ይታያሉ።

በውስጡ ካሉት ሀብቶች አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው የኤውዤን ቡደን ሥራ ነው። በ1824 በኦንፍለር የተወለደው ይህ የመርከበኛ ልጅ በለሃቭር አድጎ፣ ሸራውን ከቤት አውጥቶ በነፋስ መካከል ደመናን፣ የባሕር ዳርቻንና ከብትን ይሥል ነበር፤ ከሞተም በኋላ ወንድሙ ሁለት መቶ አርባ ያህል ሥራዎቹን ለከተማው አበረከተ። ገና ወጣት የነበረውን፣ በለሃቭር ያደገውን ክሎድ ሞኔን ወደ ሜዳ ወጥቶ እንዲሥል ያባበለው ይኸው ቡደን መሆኑን ስናስብ፣ ትናንሾቹ የደመና ጥናቶች የታላቅ ዛፍ ዘር ሆነው ይታዩናል። ሞኔ በ1872 ከለሃቭር ሆቴል መስኮት ሆኖ ወደቡን በንጋት የሣለበትና ለመላው የኢምፕሬሽኒስት ሠዓሊያን ማኅበር ስም ያወጣለት ሥዕል የሚገኘው በፓሪስ በማርሞታን ቤተ መዘክር ስለ ሆነ እዚህ አይፈለግም፤ ነገር ግን በ1911 ራሱ ለለሃቭር የሸጣቸው ሦስት ሥራዎች፣ ከእነርሱም አንዱ የለንደኑን ፓርላማ የሚያሳየው፣ በዚህ አሉ። ካሚይ ፒሳሮም በ1903፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ የዚህን ወደብ ግርግር ሥሎአል፤ ራውል ዱፊ ደግሞ የከተማው ተወላጅ ነው። በ2004 የአንድ የጥጥ ነጋዴ የልጅ ልጅ አያትዋ ኦሊቭዬ ሴን ከሰበሰበው ከሁለት መቶ በላይ ሥራዎች ስታበረክት፣ ቤተ መዘክሩ ከፓሪስ ውጭ ከታወቁት የኢምፕሬሽኒስት ግምጃ ቤቶች አንዱ ለመሆን በቃ።

ከዚያ ወጥቶ ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ማቅናት ይገባል። ከተማውን ከፍርስራሹ ያነሣው ኦጉስት ፔሬ በኮንክሪት ያቆመው ይህ መቅደስ 107 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ በማርግሪት ኡሬ የተሠሩት 12,768 ባለቀለም መስታወቶች ግንቡን ከእግር እስከ ራስ ወግተውት፣ ፀሐይ በዞረች ቁጥር የውስጡን ኅብር ይለውጡታል፤ በቦምቡ ለሞቱት ሁሉም መታሰቢያ ነው። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን መስኮቶች በአድናቆት የተመለከተ ኢትዮጵያዊ፣ እዚህ ሲገባ ቀለም ያለው ብርሃን ሐዘንንና ተስፋን እንዴት አብሮ እንደሚናገር ከማንም በፊት ይረዳል። የፔሬ ከተማ በ2005 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል፤ ኦስካር ኒማየር የነደፈው ነጭ የባህል ማዕከልም በዚያው ሰፈር ይገኛል።

ብዙ የሞተርሆም መንገደኞች የኤትረታን ነጭ ገደሎች ለማየት ሲቸኩሉ ለሃቭርን ግራጫ የኮንክሪት ከተማ ናት ብለው በመስኮት አይተው ያልፏታል። አንባቢ ሆይ፣ በዚያ መንገድ የመሄድ ዕድል ቢገጥምህ እንዲህ አታድርግ፤ በባሕሩ አጠገብ እደር፣ በማለዳ ወደቡን ተመልከት፣ ቤተ መዘክሩ የሚዘጋበትን ቀን አስቀድመህ አጣርተህ ግባ፣ ከቡደን ደመናዎችም ፊት ሳትቸኩል ቁም።