ኮከቡ ተጫዋች «አልሰለፍም» ሲል ከሃዲ ነው ወይ?

ባልንጀራን በመጨረሻዋ ሰዓት ጥሎ መሄድ እኛ ዘንድ ነውር ነው። አሜሪካ ግን ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ስመ ጥር የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ያውም በአደባባይ! እዚያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤትም ነገሩ አባትና ልጅ ሲያነታርክ አይቻለሁ። እስቲ ዛሬ እንጫወትበት።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። እነሱ «ፉትቦል» የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። ሞላላ ኳስ በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበት፣ እየተላተሙ የሚጣጣሉበት ኃይለኛ ጨዋታ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ መደበኛ ውድድራቸውን ሲጨርሱ ደህና ውጤት ያመጡት «ቦል» ወደሚባል ጨዋታ ይጋበዛሉ። ቦል ማለት ጎድጓዳ ሳህን ነው። ስሙ የመጣው ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1922 ከተሠራው ሮዝ ቦል ስታዲየም ነው፤ ቅርጹ ሳህን ይመስላላ! ጨዋታው ራሱ ግን ከስታዲየሙ ይቀድማል። የመጀመሪያው በ1902 ሲካሄድ ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 ቀጥቅጦታል።

ዛሬ ቦሎቹ በርካታ ናቸው። ጥቂቶቹ የሻምፒዮናው ጥሎ ማለፍ ክፍል ሲሆኑ፣ የቀሩት ከዋንጫና ከፌሽታ በቀር የትም አያደርሱም። በ2023 በአንድ የብስኩት ዓይነት ስም የተሰየመውን ቦል ያሸነፉት ልጆች ሜዳ ላይ ግዙፍ ብስኩት ቆርሰው ሲበሉ ታይተዋል!

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከቦሉ ጥቂት ወራት በኋላ የፕሮፌሽናል ክለቦች ምልመላ አለ። ቀድሞ የተመረጠ በሚሊዮን ዶላር ይፈርማል፤ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ገንዘቡም ይቀንሳል። የኖትርዳሙ ጄይለን ስሚዝ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 በፊስታ ቦል የጉልበቱ ጅማቶች ተበጠሱ፤ ነርቩም ተጎዳ። በምልመላው 34ኛ ሆነ፤ የዚያን ዓመት ውድድርም አንድ ጨዋታ ሳይሰለፍ አለፈ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የስታንፎርዱ ክርስቲያን ማካፍሪ፣ ሰን ቦል 11 ቀን ሲቀረው «አልጫወትም» አለ። ወቀሳ ወረደበት። ቡድኑ ግን ያለ እሱ ኖርዝ ካሮላይናን 25 ለ 23 አሸነፈ፤ እሱም በ2017 ምልመላ 8ኛ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ መቅረት የተለመደ ሆነ።

እንግዲህ አሜሪካ የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው አባት እንዲህ የቀረ ኮከብ በቴሌቪዥን ሲያዩ «ይሄ ከሃዲ!» አሉ። በሃይስኩል ቡድን የሚጫወተው ልጃቸው «አባዬ፣ እኔም ብሆን አልጫወትም» ሲላቸው ተኮራረፉ። ስልክ ደውለው «ፍረድ!» አሉኝ። «ድሮ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ከ2021 ጀምሮ በስማቸው እንዲነግዱ ተፈቀደ፣ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይከፍላቸዋል። ደሞዝ እየበሉ ሥራ ጥሎ መሄድ አለ?» ክርክራቸው ውሃ ያነሳል።

እኔ ግን እንዲህ አልኳቸው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም ከአገር ሲወጡ ጓደኞችዎን ትተው ነው። ማንም ከሃዲ አላለዎትም፤ ‹ይቅናህ› ብለው መርቀው ሸኙዎት። እርስዎን ያስጨነቀዎት ኳሱ ነው ወይስ ‹ነገ እኔንም እንዲሁ ጥሎኝ ይሄዳል› የሚለው ሐሳብ?» ዝም አሉ። ዝምታቸው መልስ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ፍርሃት በስድብ አትሸፍኑት፤ ለልጃችሁ በግልጽ ንገሩት። ስለ ጉልበቱ የሚያስብ ልጅ ስለ ነገ እንጀራው እያሰበ ነው፤ ያን እንጀራ ደግሞ ከእናንተ ጋር ሊቆርሰው ይችላል። እናንተም ልጆች፣ «አልጫወትም» ብሎ መዝጋት አይበቃም። ምክንያታችሁን ዘርዝሩ። የምትቀሩ ከሆነ ጓደኞቻችሁ ከጋዜጣ ሳይሆን ከአፋችሁ ይስሙት፤ ሌላው በቦታችሁ እንዲዘጋጅም ጊዜ ስጡት።

ፍርዴን ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ፦ ጓደኞቹ ለሻምፒዮናው እየተፋለሙ ከሆነ ይሰለፍ። ለብስኩቱ ግን ጉልበቱን አይስጥ!