ኩሽኔታው ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላል?

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለችውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ግድ ሆኗል። ያገለገለ መኪና የገዙ ሰዎችን ከሚያማርሩ ነገሮች አንዱ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ነው። አንድ ጊዜ ቢበላ ዕድሜው ደርሶ ነው ይባላል። በዚያው ጎማ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ከተበላ ግን በሽታው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያ ሳይታወቅ አዲስ እየገዙ መግጠም ገንዘብ ማፍሰስ ብቻ አይደለም፤ የተበላ ኩሽኔታ መጨረሻው የጎማ መውለቅ ሊሆን ይችላል።

መንገዱና ጭነቱ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዓለም በር በኩል ወደ ወረታ የሚወርድ መኪና በ40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይሄዳል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሳይሆን ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ታምቡሩ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ሞዞው አልፎ ግራሶውን ያቀልጠዋል። በክረምት ያ የጋለ ሞዞ የፎገራ ሜዳ ውሃ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲኮማተርም ባረጀው የግራሶ ማገጃ ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። ጭነትም አለ። በኩሽኔታ ስሌት ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰፊ ቸርኬ መግጠምም እንደዚሁ ይጎዳዋል።

ምርመራው

በመጀመሪያ ድምፁን ያዳምጡ። ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ጉርምርምታ ካለና መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ ከባሰ፣ ክብደቱ ያረፈበትን የቀኙን ጎማ ይጠርጥሩ። ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ መነቃነቁ ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የመሪ መገጣጠሚያዎቹ ይታዩ።

የወጣውን ኩሽኔታ እንዳይጥሉት፤ ምስክሩ እርሱ ነው። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ከሆነ በሙቀት ተቃጥሏል፤ ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ፣ ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቆ እንደሆነ ይታይ። ዝገት ካለው ውሃ ገብቷል፤ ማገጃው ይቀየር። በእኩል ርቀት የተሰረጎዱ ነጥቦች ከታዩበት ሲገጠም በመዶሻ ተመትቷል ወይም ጉድጓድ ጎድቶታል። የውጭው ቀለበት ጀርባ እንደ መስታወት ከተወለወለ በሞዞው ውስጥ እየዞረ ነበር ማለት ነው።

ደጋግሞ የሚበላ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው። ቀደም ሲል ኩሽኔታው ተበልቶ ሳለ ብዙ የተነዳ መኪና የሞዞው መቀመጫ ይሰፋል፤ አክስሉም ሊጎብጥ ይችላል። የሰፋውን መቀመጫ በሹል ብረት እየወጉ ማጥበብ ወይም ቆርቆሮ ማስገባት ለጥቂት ሳምንት ነው። ሞዞው ይቀየር።

ሲገጠም

ሾጣጣው ኩሽኔታ ከቀለበቱ ጋር አብሮ ይቀየራል፤ አዲሱን ፍሬ በአሮጌው ቀለበት ላይ ማስቀመጥ አይገባም። አሮጌው ግራሶ ታጥቦ ይውጣ። ዳዶው ጎማው እየዞረ ጠብቆ፣ ላላ ተደርጎ፣ በፋብሪካው ልክ ይታሰራል። ፋብሪካ ዘግቶት የሚመጣው ዓይነት ግን በፕሬስ ነው የሚገባው፤ ወደ ሞዞ ሲገባ ግፊቱ በውጭው ቀለበት ላይ ማረፍ አለበት።

ከ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እጅዎን ወደ ሞዞዎቹ አስጠግተው ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ወደ ጋራዥ ይመለሱ።