ብዙ ሰው የሚሠራውን ሥራ ስለ መምራት፤ ከከብት ደስታ በሽታ መጥፋት የሚገኝ ትምህርት

ሥራን ማዘዝና ሥራን መምራት አንድ አይደለም። ማዘዝ ወረቀትና ማኅተም ያለው ሁሉ የሚችለው ነው፤ መምራት ግን የታሰበው ነገር እስኪፈጸም ድረስ ሰውን፥ ዕቃንና ጊዜን አስተካክሎ መያዝ ነው። አንድ የወረዳ ሹም በዓመት ውስጥ የሚቀበለው ትእዛዝ ብዙ ነው፤ እርከን ይሠራ፥ ችግኝ ይተከል፥ ዘር ይታደል፥ ከብት ይከተብ ይባላል። ከእነዚህም አንዳንዱ በወረቀት ላይ ተፈጽሞ በሜዳ ላይ ሳይፈጸም ይቀራል። ይህም የሚሆነው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሥራው አመራር ስላልታወቀ ነው። ስለዚህ ተጀምሮ ብዙ ከተሰናከለ በኋላ በእውነት የተፈጸመውን አንድ ታላቅ ሥራ፥ እርሱም የከብት ደስታ በሽታ ከምድር የጠፋበትን ዘመቻ መመርመር ለሹማምንት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት፥ ዓመተ ምሕረት ከተባለው በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው ያደረሰው ጥፋት

ይህ በሽታ ስሙ ደስታ ይባል እንጂ ሥራው ኀዘን ነበረ። የያዘው ከብት በብርቱ ይተኩሳል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይፈስሳል፤ አፉ ይቆስላል፤ በመጨረሻም ተቅማጥ ያደክመውና በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ጦር ወደ ምጽዋ ካስመጣቸው ከብቶች ጋር ገብቶ በአጭር ጊዜ በአገሩ ሁሉ ተዳረሰ። ከቀንድ ከብቱም ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ባለቀ ጊዜ ማረሻ ቆመ፤ በዚያም ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨምሮ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መጣ። በዚያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬም ቢሆን ቆፍሮ እንዲዘራ ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ በታሪክ ተጽፎአል። ንጉሡን ሲቆፍሩ ያየ መኰንን ዶማ መያዝን እንደ ውርደት ሊቈጥረው አይችልም። የመሪነት የመጀመሪያው ትምህርት በዚህ ይታያል፤ ሠራተኛ ከአለቃው ቃል ይልቅ የአለቃውን እጅ ይከተላል።

የመጀመሪያው ዘመቻና ጉድለቱ

ከብዙ ዘመን በኋላ የአፍሪካ አገሮች በአንድነት በሽታውን ለመዋጋት ተነሡ። በ1962 «የጋራ ዕቅድ 15» የተባለው ዘመቻ በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ተጀመረ፤ ከዚያም እየሰፋ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ደረሰና እስከ 1976 ቆየ። ዕቅዱ ከብት ሁሉ ሦስት ዓመት በተከታታይ እንዲከተብ ነበረ። የክትባቱም መድኃኒት መልካም ነበረ፤ እንግሊዛዊው የከብት ሐኪም ዋልተር ፕሎውራይት በኬንያ በሙጉጋ ያወጣው ክትባት፥ በትክክል የተወጋውን ከብት በአንድ መርፌ ዕድሜውን ሁሉ ይጠብቀው ነበር።

ዘመቻው በብዙ ሥፍራ በሽታውን አጠፋ። ነገር ግን በአንዳንድ ሩቅና አስቸጋሪ አገር፥ ከእነርሱም አንዱ በኢትዮጵያ ቆላ፥ ጥቂት የበሽታ ጉድጓድ ቀረ። ዘመቻው ተፈጽሞአል በተባለ ጊዜ ገንዘቡ ተቀነሰ፥ ሠራተኛው ተበተነ፥ በየዓመቱ የሚወለደው ጥጃም ሳይከተብ ቀረ። በተዳፈነ ረመጥ ላይ ደረቅ ሣር እንደ መከመር ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከተደበቀበት ወጥቶ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ እንደ ገና ተስፋፋ፤ የብዙ ዓመት ድካምም ከንቱ ሊሆን ተቃረበ።

ጉድለቱ በመድኃኒቱ አልነበረም፤ በአመራሩ ነበር። አንደኛው፥ ሥራው የተለካው በተወጋው መርፌ ብዛት እንጂ በበሽታው መጥፋት አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ የቀረው ጥቂት ነው ተብሎ መናቁ ነው። ሦስተኛው፥ ሥራው የተዘጋው ነገሩ ባለቀ ጊዜ ሳይሆን የተመደበው ዘመን ባለቀ ጊዜ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ዘመቻ

በ1986 የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ዘመቻ ተጀመረ። በዚህኛው ከክትባቱ ጋር ምርመራ ተጨመረ፤ ከተከተቡት ከብቶች ደም እየተወሰደ ክትባቱ በእውነት ይዞ እንደሆነ ይታይ ጀመር። ደም እንደ ወረቀት ለይሉኝታ ብሎ አይመሰክርም። መቶ ከብት ተከተበ ከተባለበት መንጋ ክትባቱ የያዘው ስድሳ ብቻ ሆኖ ቢገኝ፥ ምክንያቱን መፈለግ ግድ ነው። መድኃኒቱ በመንገድ ላይ ሞቆ ኀይሉን አጥቶ ይሆናል፤ ወይም በውኃ የተበጠበጠው ብልቃጥ በፀሐይ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ይሆናል፤ ወይም ገና ከእናቱ እንገር የወሰደው መከላከያ ያላለቀለት ጥጃ ተወግቶ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ በቁጥር መዝገብ አይታዩም።

ሌላም ነገር ተገኘ። በደጋ ያሉት ከብቶች በየዓመቱ በብዙ ወጪ ሲከተቡ፥ በሽታው ተደብቆ የሚኖረው በቆላ፥ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ በሚዘዋወሩት አርብቶ አደሮች መንጋ መካከል ነበረ። ወደ ደጋ የሚወጣው ከዚያ ነበርና የኢትዮጵያ ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሳባቸውን ለውጠው ኀይላቸውን ወደ ምንጩ መለሱ። ሁሉን ለመያዝ የሚሮጥ ብዙ ጊዜ ምንም አይዝም፤ ምንጩን የያዘ ግን ወንዙን ያደርቃል።

በአፋር የተሠራው ሥራ

ከእነዚያ የበሽታ ምንጮች አንዱ የአፋር ምድር ነበረ። አገሩ እጅግ ሞቃት ነው፤ መንገዱ ጥቂት ነው፤ መንጋውም ሣርና ውኃ እየተከተለ ይሄዳል። የመንግሥት ከታቢዎች በመኪና፥ መድኃኒቱን በበረዶ ይዘው ሲደርሱ፥ ባለ ከብቱ ትናንት ከዚያ ተነሥቶ ሄዶ ይገኛል። በረዶውም ሲቀልጥ መመለስ ግድ ይሆናል።

መፍትሔው በሁለት ነገር ተገኘ። የመጀመሪያው የመድኃኒቱ ነው፤ ጄፍሪ ማሪነር የተባለው አሜሪካዊ የከብት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የፕሎውራይትን ክትባት አደራረቁን አሻሽሎ፥ ያለ በረዶ በሙቀት አገር ለሳምንታት የሚቆይ አደረገው። ሁለተኛውና የሚበልጠው የሰው ነው፤ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ምክር ተደርጎ፥ ከአርብቶ አደሮቹ መካከል ሰዎች ተመርጠው ክትባትን ተማሩ። እነዚህ ሰዎች መንጋው ወዴት እንደ ሄደ ማንንም አይጠይቁም፤ የራሳቸው ነውና ያውቁታል። በቋንቋቸው ይነጋገራሉ፤ ባለ ከብቱም ያምናቸዋል። የበሽታውንም ምልክት ከአባቶቻቸው ሲሰሙ ያደጉ ናቸውና የታመመ ከብት ሲያዩ ፈጥነው ይናገራሉ።

በ1994 እና በ1995 እንደዚህ የሠለጠኑ 20 ሰዎች ወደ 73 ሺህ የሚሆን ከብት ከተቡ፤ በደም ምርመራም ከመቶው ከሰማንያ በላይ ክትባቱ ይዞ ተገኘ። ከኅዳር 1988 ዓ.ም. ወዲህ በአፋር የደስታ በሽታ ተነሣ የሚል ወሬ አልተሰማም። ብዙ መኪናና ብዙ አበል ያልፈጸመውን፥ በሥፍራቸው የተመረጡ ጥቂት ሰዎች ፈጸሙት።

ከዚህ በኋላ የሚያስደንቅ ነገር መጣ፤ መከተብ ማቆም አስፈለገ። የተከተበ ከብትና በሽታው ይዞት የዳነ ከብት በደም ምርመራ አይለዩምና፥ በሽታው በእውነት መጥፋቱን ለማወቅ ክትባቱን አቁሞ በብርቱ መጠበቅ ግድ ነበረ። ለብዙ ዓመት ክትባት ሲያዝ ለኖረ አለቃ «አሁን ይቁም፥ ነገር ግን ማንም እንዳያንቀላፋ» ማለት ቀላል አልነበረም። በዓለም የመጨረሻው የደስታ በሽታ በ2001 በኬንያ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ታየ። ዐሥር ዓመት በጥበቃ ካለፈ በኋላ በ2003 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ፥ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጁ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ሹም ሊጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ከዚህ ታሪክ ለማንኛውም የብዙ ሰው ሥራ የሚሆኑ ስድስት ምክሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፥ የሥራው ፍጻሜ ምን እንደሆነ አስቀድሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። «አምስት ሺህ ፍየል መከተብ» ፍጻሜ አይደለም፤ መንገድ ነው። «በወረዳው በሽታው እንዳይኖር ማድረግ» ግን ፍጻሜ ነው። ሠራተኛው ፍጻሜውን ያወቀ እንደሆነ መንገዱ ሲበላሽ ራሱ ያቃናዋል።

ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ ክፍል ሥራ አንድ ተጠያቂ ሰው በስሙ ይመደብ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ ሥራ ይከፋፈል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሎሚ የማን እንደሆነ ይታወቅ። በረዶውን የሚጠብቅ፥ መዝገቡን የሚይዝ፥ ባለ ከብቱን የሚጠራ ሰው ተለይቶ ካልታወቀ፥ ጥፋት በመጣ ጊዜ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያመለክታል።

ሦስተኛ፥ ሠራተኛ ሲመረጥ ለሥራው ቅርብ የሆነው ይመረጥ። ፊደል ማወቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን አገሩንና ሰዉን ማወቅ ከዚያ የማያንስ ዕውቀት ነው። ምርጫውም ከሽማግሌዎችና ከባለ ከብቶች ጋር ተመካክሮ ይሁን፤ እነርሱ የመረጡትን ሰው እነርሱ ይጠብቁታል። ሴቶች በጎችንና ፍየሎችን በሚጠብቁበት አገር ደግሞ ሴቶችን ሳያማክሩ መጀመር ሥራውን ከግማሹ ማጉደል ነው።

አራተኛ፥ ቀኑ በሹሙ መጽሐፍ ሳይሆን በገበሬው ኑሮ ይቆረጥ። በአጨዳ ወራት ወይም መንጋው በራቀበት ወቅት ዘመቻ ማወጅ ሰውን ከሥራው አፋትቶ ለክርክር መጥራት ነው። መርፌውና በረዶው፥ የመኪናው ነዳጅና የሠራተኛው አበል ሳይደርስም ሕዝብን መሰብሰብ አይገባም። አንድ ቀን በከንቱ የዋለ ባለ ከብት ሁለተኛ ሲጠራ አይመጣም።

አምስተኛ፥ እውነተኛ ወሬ የሚያመጣ ሠራተኛ ይከበር። «በዚህ ቀበሌ አልተሳካም» ብሎ የጻፈው ከተቀጣ፥ በሚመጣው ወር ሁሉም «ተሳክቶአል» ብሎ ይጽፋል፤ ሹሙም ዓይኑ ታውሮ ይሄዳል። የሚሰበሰበውን ወሬ ለመመርመር ሹሙ ሳይታሰብ ወጥቶ ጥቂት መንጋ በዓይኑ ይይ፤ ባለ ከብቶቹንም ራሱ ይጠይቅ።

ስድስተኛ፥ የቀረው ጥቂት ቢሆንም አይናቅ። ከመቶ ቀበሌ ዘጠና አምስቱ ሲፈጸም ምስጋናና ግብዣ ይደረጋል፤ የቀሩት አምስቱ ግን ሩቆቹና አስቸጋሪዎቹ ናቸው፥ በሽታውም የሚደበቀው በእነርሱ ነው። ብርቱዎቹ ሠራተኞች ወደ እነዚያ ይላኩ፤ የቀረውም ገንዘብ ለእነዚያ ይቀመጥ።

አሁን በእጅ ስላለው ሥራ

ይህ ሁሉ የሚነገረው ያለፈውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የደስታ በሽታ ዘመድ የሆነው፥ ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ዛሬም በአገራችን አለ፤ በኢትዮጵያ መኖሩም በምርመራ የተረጋገጠው በ1991 ነው። ትኩሳት፥ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፥ የአፍ ቁስል፥ ሳልና ተቅማጥ ምልክቶቹ ናቸው። በ2015 የዓለም አገሮች በአቢጃን ተሰብስበው ይህን በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት ዐቅደዋል። መልካም ክትባት አለ፤ አንድ ጊዜ የተወጋው በግ ወይም ፍየል ቢያንስ ሦስት ዓመት ያህል ይጠበቃል።

ነገር ግን ይህ ሥራ ከከብቱ ይልቅ ይከብዳል። ፍየል ቶሎ ትወልዳለች፤ መንጋውም በሽያጭና በመታረድ ቶሎ ይለወጣል። ዘንድሮ ሁሉ የተከተበበት መንጋ በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ያልተከተበ ግልገል ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ዘምቶ ማረፍ አይጠቅምም፤ የሚወለደውን በየጊዜው መከተል ያስፈልጋል። ፍየል የድኻ ላም ናት፤ ዐሥር ፍየል ያለቀባት ባልቴት የልጆቿን ወተት፥ የልብሳቸውንና የትምህርታቸውን ዋጋ በአንድ ሳምንት ታጣለች። ስሟ ግን በማንኛውም የቁጥር መዝገብ ላይ አይገኝም።

እንግዲህ የወረዳ ሹም የዘመቻውን ወረቀት ፈርሞ ከማስተላለፉ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፤ ሥራው አለቀ ብሎ በሚጽፍበት ቀን ወደ ሩቁ ቀበሌ ወጥቶ ያችን ባልቴት «ፍየሎችሽ ደኅና ናቸው?» ብሎ ለመጠየቅ ይደፍራልን? ይህን ለመጠየቅ የሚደፍር ሹም ሥራውን መርቶአል። የማይደፍር ግን ገና አዝዞአል እንጂ አልመራም።