ሳብዉፈርን ከቤት ስቴሪዮ ጋር ማገናኘት

ሳብዉፈር ወፍራም ድምፅ ብቻ ለማሰማት የሚሠራ ስፒከር ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ሲሰማ፣ የሳብዉፈር ድርሻ በአብዛኛው ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ያለው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር (41 ኸርዝ ገደማ) እና የከበሮ ምት ጉልበት በዚህ ክልል ይወድቃሉ፤ ትንንሽ የቤት ስፒከሮች ይህን በሚገባ አያወጡትም።

ለቤት የሚሸጡ ሳብዉፈሮች ብዙዎቹ የራሳቸው አምፕሊፋየር ስላላቸው ኃይል የሚያገኙት ከግድግዳ ሶኬት ነው፤ ከስቴሪዮው የሚፈልጉት የድምፁን ምልክት ብቻ ነው። ስቴሪዮው ለሳብዉፈር የተለየ መውጫ ካለው አንድ የአርሲኤ ገመድ ይበቃል። የቆዩ ስቴሪዮዎች ግን ብዙ ጊዜ የግራና የቀኝ ስፒከር ሽቦ ማሠሪያ ብቻ ነው ያላቸው። በዚህ ጊዜ የስፒከር ሽቦ የሚቀበል ሳብዉፈር ያስፈልጋል። ሁሉም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ፣ የነባሮቹ ስፒከሮች ሽቦ ሳይፈታ፣ ከሁለቱም ማሠሪያዎች ሌላ ሽቦ ወደ ሳብዉፈሩ ይሳባል፤ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይገናኛል። ሳብዉፈሩ በዚህ መንገድ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ጅረት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ስቴሪዮውን አይጫነውም፤ ቀጭን ሽቦም ይበቃል።

ጉዳት የሚመጣው ከሁለት ስሕተቶች ነው። አንደኛው የስፒከር ሽቦን ቆርጦ በአርሲኤ መግቢያ መሰካት ነው፤ መግቢያው ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛው አምፕሊፋየር የሌለውን ሳብዉፈር ከነባሩ ስፒከር ጋር ደርቦ ማሠር ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች አብረው ሲታሠሩ ለስቴሪዮው 4 ኦም ይሆኑበታል፤ ለዚህ ያልተሠራ ስቴሪዮ ይግላል፣ ሊበላሽም ይችላል።

በአያት፣ በሰሚት ወይም በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ በተለይም ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት ተከራይ፣ የሚያስቸግረው ሽቦ መዘርጋቱ ነው። ደግነቱ ጆሮ ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያዳግተዋል። ስለዚህ ሳብዉፈሩን በስፒከሮቹ መካከል ማስቀመጥ የግድ አይደለም፤ ስቴሪዮውና ሶኬቱ ባሉበት አጠገብ ቢቀመጥ ከአንድ ሜትር ያነሰ ሽቦ ሊበቃ ይችላል። ረጅም ሽቦ ካስፈለገ በዞኮሎው ላይ ይለጠፋል። ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ሳብዉፈር ድምፁ ይጎላል፣ አንዳንዴም ያጉረመርማል፤ ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ይረዳል።

ወፍራም ድምፅ በብሎኬት ግድግዳና በሶሌታ አልፎ ወደ ጎረቤት ይደርሳል። የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8.6 ሜትር ያህል ስለሆነ መጋረጃና ምንጣፍ አያስቆሙትም። ከሳብዉፈሩ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ማድረግ ወደ ወለሉ የሚተላለፈውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን ግን አይነካውም። በኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የወጣው ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይሁንና ለዚህ የሚያገለግለው መለኪያ በጆሮ ስሜት ልክ ስለተስተካከለ የ40 ኸርዝን ድምፅ 35 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ያነባል። መለኪያው ከወሰኑ በታች እያሳየ የጎረቤት መስኮት ሊንቀጠቀጥ ይችላል።