ስለ ቡና ችግኝ ቅጠልና ስለ ፀሐይ ብርሃን

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፍላችሁ ነገር በገዛ ቤታችን የደረሰ ነው፤ ይኸውም ያለ ማስረጃ የፈረድነው ፍርድ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ሐረር አጠገብ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ስድስት የቡና ችግኞች ተልከውልን ድሬዳዋ፥ ከዚራ ካለው ቤታችን ደረሱ። ከዳስ ጥላ ሥር ያደጉ ስለ ነበሩ ቅጠላቸው ወደ ጥቁረት የሚያደላ አረንጓዴ ነበር። ከዚራ መንገዱ ሁሉ ዛፍ የሞላበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ እኛ ግን ብርሃን ይጥገቡ ብለን ጥላ ከሌለበት ከግቢው መካከል አስተከልናቸው። በሳምንቱ ቅጠሎቹ ገርጥተው ነጡ፤ አንዳንዱም እንደ ተለበለበ ሆነ። አትክልተኛው ውሃ ነሥቷቸው ነው ብለን የወር ደመወዙን እኩሌታ ያዝንበት። እርሱም «ጌታዬ፥ በየማለዳው አጠጥቻለሁ» ቢለን አልሰማነውም።

የቤታችን እመቤት ግን አንድ ቅጠል ቀጥፋ አመጣችልን። ቅጠሉ ነጥቷል፤ ሌላ ቅጠል ከበላዩ ተደርቦ ጥላ ባጠላበት ስፍራ ግን የዚያው የላይኛው ቅጠል መልክ እንደ ማኅተም በአረንጓዴ ታትሞ ቀርቷል። «ጥማት ቢሆን ኖሮ ሁሉም በጠወለገ ነበር» አለችን። እኛም የምንመልሰው አጣን።

ነገሩን ከመጻሕፍት ብንመረምር እንዲህ ሆኖ አገኘነው። የቅጠል አረንጓዴ ቀለም ክሎሮፊል ይባላል፤ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ዓመት ለይተው ያወጡት ፔሌቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። ቀለሙም በቅጠሉ ውስጥ እንዲያው ተበትኖ አይኖርም፤ በሥጋና በእንቁላል የምናውቀው ፕሮቴይን እያንዳንዱን የቀለም ቅንጣት በተወሰነ ቦታና ርቀት ይዞ ያቆመዋል። የቻይና ሊቃውንት በ2004 የቆስጣ ዘመድ የሆነውን የስፒናችን ቅጠል መርምረው፥ ብርሃን ሰብሳቢ የሆነው አንዱ ፕሮቴይን 14 የክሎሮፊልና 4 ከካሮት ቀለም ወገን የሆኑ ቅንጣቶች እንደሚይዝ፥ ሦስት ሦስትም ሆነው እንደሚቆሙ አሳይተዋል።

አንዱ ቅንጣት የተቀበለውን የብርሃን ኃይል ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ያም ለሚቀጥለው። አቤቱታ ከበር ጠባቂ ተነሥቶ በጸሐፊዎች እጅ አልፎ ከዳኛው እንደሚደርስ፥ ኃይሉም ሥራው ከሚሠራበት ማዕከል ይደርሳል። ኤመርሰንና አርኖልድ የሚባሉ ሊቃውንት በ1932 በአሜሪካ ባደረጉት ምርመራ፥ አንድ የኦክሲዥን ቅንጣት እንዲወጣ 2,500 ያህል የክሎሮፊል ቅንጣቶች እንደሚተባበሩ አገኙ። ሰብሳቢው እጅግ ብዙ፥ ማዕከሉ ጥቂት ነው ማለት ነው። (በመሥሪያ ቤታችንም እንዲሁ ነው የሚለን ቢኖር አንቆጣም።)

በጥላ ያደገ ቅጠል ብርሃን ስለሚያንሰው ሰብሳቢዎቹን ያበዛል። ቡናም በደቡብ ምዕራብ አገራችን ጫካዎች ከታላላቅ ዛፎች ሥር የሚበቅል ተክል ስለ ሆነ ጥላን ለምዷል። እንዲህ ያለውን ቅጠል በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ላይ ድንገት ቢያወጡት፥ ሰብሳቢዎቹ የሚያመጡት ኃይል ማዕከሉ ከሚችለው ይበልጣል። ቢጫዎቹ ቅንጣቶች ትርፉን ወደ ሙቀት ለውጠው ለማስወጣት ይረዳሉ፤ ከእነርሱ አቅም ሲያልፍ ግን ማዕከሉ ይጎዳል፥ አረንጓዴውም ይፈርሳል። ይህንን ውሃ ብቻውን አያድነውም።

ስለዚህ ችግኝን ከጥላ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ በሣር ዳስ ይከልልለት፤ ከዚያም የማለዳውን ፀሐይ ብቻ፥ በኋላም ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ሁለት ሦስት ሳምንት ያለማምደው። አዲስ የሚወጣው ቅጠል በብርሃኑ ልክ ሰብሳቢዎቹን አሳንሶ ያድጋልና። ለድሬዳዋ ሙቀት ግን ቡናውን ለዘወትር ከዛፍ ጥላ ሥር መትከል እንደሚሻል እናምናለን።

የአትክልተኛውን ደመወዝ መልሰን ሰጠነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። እርሱም ገንዘቡን ሳይቆጥር ተቀብሎ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደን። ሞተው የተነቀሉ የመሰሉን ሁለት ችግኞች ከማንጎው ጥላ ሥር ቆመው አዲስ ቅጠል አውጥተዋል፤ ደመወዙን በያዝንበት ሰሞን በሌሊት ያዛወራቸው እርሱ ራሱ ኖሯል።