ከነጩ ሪባን ይልቅ 72 ሰዓት

ኅዳር አጋማሽ ላይ ነጭ ሪባን ደረት ላይ ይለጠፋል፣ የፕሮፋይል ፎቶ ይቀየራል፣ የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ባነር ይዞ ፎቶ ይነሳል። ታኅሣሥ 1 ላይ 16ቱ ቀን ያልቅና ሪባኑ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ዘመቻውን ጠልቼ አይደለም። ግን ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አመል አለበት፦ ይሄን መልእክት ያየ ሰው ነገ ጠዋት ምን የተለየ ነገር ያደርጋል? "የፆታ ጥቃት ይቁም" የሚል ፖስት ሲያይ የሚናደድ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሚስቱን የሚደበድበውም ላይክ አድርጎ ያልፋል።

እስቲ ቁጥር እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ሰዎች አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል ወይም ወሲብ እምቢ ብትለው ባል ቢመታት ልክ ነው ወይ? ቢያንስ በአንዱ የተስማሙት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ወንዶቹ ግን 28 በመቶ ብቻ። (ወንዶቹ ለጠያቂው ደስ የሚለውን መልስ ሰጥተውት ይሆናል፤ እኔ በበኩሌ እጠረጥራለሁ።) በዚያው ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

"ለምን ዝም አለች?" ለሚል ሰው የኔ መልስ ቀላል ነው፦ ሒሳብ ሠርታ ነው። ብትናገር የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ልጆቹስ? ሽማግሌ ይላካል፣ "ለልጆችሽ ስትይ ቻይው" ይባላል፣ እሱ ይቅርታ ጠይቆ ትመለሳለች። ጎረቤትም "በባልና ሚስት መካከል አይገባም" ብሎ በሩን ይዘጋል። ከመናገር የምታገኘው ነገር የማይታወቅ፣ የምታጣው ደግሞ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ ዝምታው ሞኝነት አይደለም። ስለዚህ ግንዛቤ ማስጨበጥ የምንለው ነገር ይሄን ሒሳብ ካልቀየረ ቲሸርት ማደል ነው።

በቅርቡ ቡና ላይ አምስት ወንዶች ሆነን "አንዲት እህትህ ተደፍራ ብትደውልልህ መጀመሪያ የት ትወስዳታለህ?" አልኳቸው። ሦስቱ "ፖሊስ ጣቢያ"፣ አንዱ "ልጁን ነው መጀመሪያ የምፈልገው" አለ። አምስተኛው ስልኩን እያየ ነበር። የአርሰናልን አሰላለፍ ግን ሁሉም በቃሉ ያውቃል።

መልሱ ጤና ተቋም ነው፤ ቶሎ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ቀድሞ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል። ከምርመራ በፊት ባትታጠብ ይመረጣል። የለበሰችው ልብስ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባም ከሆነ ግን ትሂድ፣ መድኃኒቱ አይቀርባትም። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ። ታሪኳን አራት ቢሮ እየዞረች እንዳትደግም ነው ሐሳቡ። አርግዛ ከተገኘች ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እርግዝናው ከመደፈር የመጣ ከሆነ ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ለዚህም የራሷ ቃል በቂ ነው፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ አትባልም።

የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የስልክ መስመሩ 7711 ነው። አሁኑኑ ሴቭ አድርጉት። ዛቻ በቴሌግራም ከመጣ ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀኑ ይታይ፣ ለምታምኑት ሰው ፎርዋርድ አድርጉ፤ እሱ ዴሊት ሊያደርገው ይችላል።

እዚህ ድረስ ያለው በስልካችን ሊዳረስ የሚችል ነው። አንድ ነገር ግን በፖስትም በሪባንም አይፈታም። ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ባል ሚስቱን መደብደቡን ወንጀል ያደርጋል፤ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 ግን "ከጋብቻ ውጪ" የሚል ቃል አለው። ባሏ ያስገደዳት ሴት በዚህ አንቀጽ አትሸፈንም። ይሄኛው የፓርላማ ሥራ ነው።