«ጭስ የለውም» ማለት ጉዳት የለውም ማለት ነውን?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሱረት ነው። «ሱረት የሽማግሌ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» እንዳትሉ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ የሄደ ሁሉ ዱከምን ያውቃታል። አስፋልቱን ተከትላ የተዘረጋች፣ ሥጋ ቤቶችና የቆሙ ከባድ መኪኖች የማይጠፉባት፣ የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ሠራተኞች ጠዋትና ማታ የሚተሙባት ከተማ ናት። እኔም በማኅበራዊ ሠራተኝነት የምመላለሰው እዚያ ነው።

አንድ ቀን የፀረ ኤድስ ክበብ ስብሰባ አልቆ ሁሉም ሲወጣ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኋላ ቀረ። «ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለኝ። (አስተማሪ ባልሆንም ተማሪዎች የሚጠሩኝ እንዲህ ነው።) ቅዳሜና እሑድ በአይሱዙ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ሌሊት እንዳይተኛ ብሎ ሾፌሩ ሱረት ሰጠው። «እንቅልፍ ያባርርልሃል፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ማንም አያውቅብህም» አለው። ልጁም በታችኛው ከንፈሩ ሥር መያዝ ጀመረ። ዓመት ሳይሞላው ከንፈሩ ውስጥ፣ ሱረቱን የሚይዝበት ቦታ ላይ፣ ነጭ ነገር ወጣበት። ለወራት ደበቀው።

«ለምን ጤና ጣቢያ አልሄድክም?» አልኩት።

«አፉ ቆስሏል ከተባለ ያ በሽታ ይዞታል ብለው ያወሩብኛል ብዬ ነዋ!»

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። ጭስ ከሌለው እንዴት ይጎዳል? ሕጉስ የሚከለክለው ሲጋራን አይደለም ወይ? ጥያቄዎቹ የብዙዎቻችሁ ሊሆኑ ስለሚችሉ መልሱን እዚህ ላካፍላችሁ።

ጭስ አልባ ትምባሆ ምንድን ነው?

ሳይቃጠል የሚወሰድ ትምባሆ ሁሉ ጭስ አልባ ይባላል። በአፍንጫ የሚሳብ፣ የሚታኘክ፣ በከንፈርና በድድ መካከል የሚያዝ አለ። በአገራችን የታወቀው ሱረት ሲሆን፣ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 1.7 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ጭስ አልባ ትምባሆ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ልብ በሉ፣ ጥናቱ «አዋቂ» ብሎ መቁጠር የጀመረው ከ15 ዓመት ነው። የእናንተ ዕድሜ ማለት ነው።

ጭስ ከሌለው እንዴት ይጎዳል?

ጭሱ የራሱ መርዝ አለው፤ ይሁንና መርዙ ሁሉ ከጭስ አይመጣም፤ ቅጠሉም መርዝ አለው። አንደኛው ኒኮቲን ነው። ሱረት ከንፈር ሥር ሲቀመጥ ኒኮቲኑ በአፍ ስስ ሥጋ በኩል እየሰረገ ወደ ደም ይገባል። የልብ ምትን ይጨምራል፣ የደም ግፊትን ያነሣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሱስ ያስይዛል። የወጣት አእምሮ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ሱሱ ቶሎ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በጭስ አልባ ትምባሆ ውስጥ ከ28 የማያንሱ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮችን ዘርዝሯል። የአፍ፣ የጉሮሮ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር እንደሚያመጣም አረጋግጧል። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ «ቱምባክ» የሚሉት በከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆ አለ። በዓለም ላይ ከተመረመሩት ሁሉ እነዚህ ንጥረ ነገሮች እጅግ በርክተው ከተገኙባቸው አንዱ እሱ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ልጁ ያለ ቀኑ ወይም ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ፣ አልፎም ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል።

«አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስባ ምንም አልሆነችም» የሚል አይጠፋም። አያታችሁን ዕድሜ ይስጥልን! ግን ሾን ማርሲ የሚባለውን አሜሪካዊ ልጅ ታሪክ ስሙ። በኦክላሆማ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ በሩጫ 28 ሜዳሊያ ያገኘ ጎበዝ ስፖርተኛ። ሲጋራ አያጨስም። በከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆ ግን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ይጠቀም ነበር። ምላሱ ላይ ቁስል ወጣ፤ ካንሰር ሆነ። ሐኪሞች ደጋግመው ቢቀዱትም አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ19 ዓመቱ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ በጭስ አልባ ትምባሆ ማሸጊያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ፣ ማስታወቂያውም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ በሕግ ደነገገች።

ሕጋችንስ ምን ይላል?

ትምባሆን መከልከል በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1889 የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ የአጫሽን ከንፈር፣ ሱረት የሚስብን አፍንጫ እስከማስቆረጥ የደረሰ ቅጣት እንደጣሉ የታሪክ ጸሐፍት ይነግሩናል። የዛሬው ሕግ አፍንጫ አይቆርጥም። ትኩረቱ አምራቹ፣ አስመጪውና ሻጩ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ «የትምባሆ ውጤት» ሲል የሚጨሰውን ብቻ ሳይሆን የሚመጠጠውን፣ የሚታኘከውንና በአፍንጫ የሚሳበውንም ይጨምራል። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓርላማ የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የትምባሆ ውጤት መሸጥን ከልክሏል። ማስታወቂያና ስፖንሰርነትም አይፈቀድም። ማሸጊያው ላይ 70 በመቶውን ቦታ የሚይዝ ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲኖርም ያዛል። ስለዚህ ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ሱረት የሚሸጥ ሰው ሕግ ይጥሳል ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? የሲጋራ ፓኬት ላይ የታመመ ሳንባ ታያላችሁ፤ ትደነግጣላችሁ። በገበያ ቀን ያየሁት ሱረት ግን በቁራጭ ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ነበር። ስም የለው፣ ሥዕል የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ሕጉ ማሸጊያ ላይ ይጻፍ ያለው፣ ማሸጊያ በሌለው ነገር ላይ በምን ይጻፍ? ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያው በእኛ ጭንቅላት ውስጥ መጻፍ ያለበት።

ኤች አይ ቪስ በምን ገባ?

በሁለት ነገር። አንደኛ፣ «ከአንድ ቆርቆሮ ሱረት መካፈል ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል ወይ?» ተብዬ ተጠይቄ አውቃለሁ። ኤች አይ ቪ በምራቅ አይተላለፍም። ሱረትን የምንተወው በራሱ ጉዳት እንጂ በሐሰት ፍርሃት አይደለም። ሁለተኛ፣ አፉ የቆሰለ ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም፤ በመልክ የሚታወቅ ነገር የለም፤ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለ ወገኖቻችን ደግሞ በአፍ ሕመም በቀላሉ ስለሚጠቁ ትምባሆ ችግራቸውን ያብሰዋል። አያችሁ፣ ያንን ልጅ ለወራት ከሕክምና ያራቀው ሱረቱ ብቻ አይደለም፤ ሐሜታችን ጭምር ነው።

ልጁስ ምን ሆነ?

አብሬው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያዋ አፉን አይታ ነጩ ነገር ከሱረቱ የመጣ እንደሚመስል፣ ካቆመ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ካላቆመ ግን ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል ነገረችው። የኤች አይ ቪ ምርመራም በራሱ ፈቃድ አደረገ፤ ውጤቱ የራሱ ምስጢር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ ራሱን አመመው፣ ተነጫነጨ፣ ትምህርት አልገባ አለው። እያደር ግን ቀለለው። ነጩም ነገር እየሳሳ ነው፤ ክትትሉን ግን አላቋረጠም። ለሾፌሩም ነገረው። ሾፌሩ ዝም ብሎ ቆየና «እኔም የጀመርኩት ባንተ ዕድሜ ነበር» አለው። እሱ ግን እስከዛሬ አልተወም።

እናንተስ? ያልጀመራችሁ አትሞክሩት። የጀመራችሁ ቀን ቁረጡና ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል ወይም ነጭ ነገር ካለ ዛሬውኑ ታዩ። እንቅልፍ ሲመጣ መድኃኒቱ መተኛት ነው። ለልጆች ትምባሆ የሚሸጥ ካያችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማመልከት ትችላላችሁ። ጓደኛችሁ አፉን ሲያመው ደግሞ «ምን ይዞት ይሆን?» ከማለት «ና አብረን እንሂድ» በሉት።

ቸር እንሰንብት!